ግድቡ ካለቀ በኋላ፦ የኮሎምቢያ ወንዝ ኃይል ለማን፣ በምን ዋጋ?

የኮሎምቢያ ወንዝ ከካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ተራሮች ይነሣል፤ ወደ አሜሪካዋ ዋሽንግተን ግዛት ወርዶ፣ ከዚያም የዋሽንግተንና የኦሪገን ወሰን ሆኖ 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ፓስፊክ ውቅያኖስ ይገባል። ተፋሰሱ 670,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በሰባት የአሜሪካ ግዛቶችና በአንድ የካናዳ ክፍለ ሀገር ላይ የተዘረጋ ነው። በዚህ ወንዝ፣ በገባሮቹና በአካባቢው ባሉ ሌሎች ወንዞች ላይ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት 31 የኃይል ማመንጫ ግድቦች አሉት። የማመንጨት አቅማቸው በጠቅላላው 22,000 ሜጋዋት ገደማ ይደርሳል። የሚመነጨው ኃይል የሕዝብ ንብረት ስለሆነ የሚሸጠው ወጪውን በሚመልስ ዋጋ እንጂ ለትርፍ አይደለም።

ከእነዚህ ግድቦች አብዛኞቹ ተሠርተው ካለቁ ግማሽ ክፍለ ዘመን አልፏቸዋል። ለአዲስ ትልቅ ግድብ የሚሆን ቦታም አልቀረም ማለት ይቻላል። የሕዝቡ ቁጥርና የኃይል ፍላጎቱ ግን ከዓመት ዓመት ይጨምራል። ስለዚህ ላለፉት ስድሳ ዓመታት አካባቢውን ያስጨነቀው የዕቅድ ጥያቄ የግንባታ ሳይሆን የድልድል ነው፦ መጠኑ የተወሰነውን ርካሽ ኃይል ማን ያግኝ? ከእርሱ በላይ የሚፈለገውስ ከየት ይምጣ፣ ዋጋውንስ ማን ይክፈል? ወንዙስ ከኃይል ውጭ ላሉት ባለመብቶች ምን ያህል ይተርፋል?

የትልልቆቹ ግድቦች ሥራ የተጀመረው በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ያን ጊዜ በገጠር የሚኖረው አሜሪካዊ ገበሬ አብዛኛው መብራት አልነበረውም። የግል ኩባንያዎች ተራርቀው ወደሚገኙ የገበሬ ቤቶች መስመር መዘርጋት አያዋጣንም ይሉ ነበር። መንግሥት ሥራ አጡን በሥራ ላይ ለማሰማራት በወንዙ የታችኛው ክፍል የቦነቪልን፣ በላይኛው ክፍል ደግሞ የግራንድ ኩሊን ግድብ ጀመረ። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት የቦነቪልን ግድብ በ1937 መረቁ። በዚያው ዓመት ኮንግረሱ ባወጣው ሕግ ኃይሉን የሚሸጥና መስመሩን የሚዘረጋ የቦነቪል የኃይል አስተዳደር የሚባል መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። የመጀመሪያው ኃላፊ ጄ. ዲ. ሮስ ቀደም ሲል የሲያትል ከተማን የመብራት ድርጅት የመሩ፣ ኤሌክትሪክ የሕዝብ መሆን አለበት ብለው አጥብቀው የሚያምኑ ሰው ነበሩ።

ሕጉ እስከ ዛሬ ድረስ የክርክሩ ሁሉ መነሻ የሆነ አንድ ድንጋጌ ይዟል፤ ኃይሉን ለመግዛት ቅድሚያ ያላቸው የማዘጋጃ ቤት የመብራት ድርጅቶች፣ የወረዳ የሕዝብ ድርጅቶችና የገጠር ኅብረት ሥራ ማኅበራት ናቸው። የግል ኩባንያዎች የሚደርሳቸው ከእነዚህ ሲተርፍ ብቻ ነው። ዋጋውም በርቀት አይለያይም ነበር። ግድቡ አጠገብ ያለ ከተማና በመቶ ኪሎ ሜትሮች የሚርቅ መንደር ለአንድ ኪሎዋት በዓመት እኩል 17 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይከፍሉ ነበር፤ ይህ ታሪፍ እስከ 1965 ድረስ አልተለወጠም። ለመስመር ዝርጋታ የማያዋጣ ይባል የነበረው ገጠር መብራት ያገኘው በዚህ አሠራር ነው።

የሥራ ክፍፍሉ ለውጭ ሰው ግር ሊል ይችላል። ግድቦቹ የቦነቪል አስተዳደር ንብረት አይደሉም። 21ዱን የጦር ሠራዊቱ የመሐንዲሶች ክፍል፣ 10ሩን ደግሞ የመሬት ልማት ቢሮ ያስተዳድራሉ። ቢሮው በኢትዮጵያ የውሃ መሐንዲሶች ዘንድ ዩኤስቢአር በሚለው ምህጻረ ቃሉ የታወቀ ነው፤ ግራንድ ኩሊን የሠራው ይኸው መሥሪያ ቤት ከ1958 ጀምሮ ለስድስት ዓመት ያህል የዓባይን ተፋሰስ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር አጥንቶ በ1964 ባለ ብዙ ቅጽ ሪፖርት አቅርቧል። በሪፖርቱ ከተጠቆሙት የግድብ ቦታዎች አንዱ፣ በሱዳን ድንበር አቅራቢያ ያለው፣ ዛሬ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በቆመበት አካባቢ ይገኛል። ወደ ኮሎምቢያ ስንመለስ፣ ቦነቪል ከሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ግድቦች የሚወጣውን ኃይል ይሸጣል፣ 24,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚደርሰውን የከፍተኛ ኃይል ተሸካሚ መስመር ያስተዳድራል፣ ወጪውንም የሚሸፍነው ከመንግሥት በጀት ሳይሆን ከሚሰበስበው የአገልግሎት ክፍያ ነው። ደንበኞቹ ከ130 በላይ የሕዝብ ድርጅቶች ናቸው። የሲያትል መብራት ድርጅት የራሱ ግድቦች ቢኖሩትም ከፊሉን ከቦነቪል ይገዛል፤ ስለዚህ በዚያች ከተማ የሚኖሩት ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ቤተሰቦች በየወሩ የሚመጣላቸው ሂሳብ በዚህ ወንዝ ላይ በሚደረገው ስምምነት ይነካል።

ግራንድ ኩሊ በ1941 ኃይል ማመንጨት ሲጀምር ይህን ያህል ኤሌክትሪክ ማን ይጠቀምበታል የሚሉ ተቺዎች ነበሩ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ጦርነት ውስጥ ገባች፤ አውሮፕላን የሚሠራበት አልሙኒየምና በሃንፎርድ የተቋቋመው የፕሉቶኒየም ፋብሪካ ኃይሉን ጠጡት። አልሙኒየም አቅላጮቹ ከጦርነቱ በኋላም ለአሥርተ ዓመታት የቦነቪል ትልልቅ ደንበኞች ሆነው ቆይተዋል።

በ1948 የፀደይ ወራት በረዶው በፍጥነት ቀልጦ ወንዙ ሞላ። ሜይ 30 ቀን በፖርትላንድ አጠገብ የነበረችው የቫንፖርት ከተማ መከላከያ ተደርምሶ ከተማዋ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጠፋች። ቫንፖርት በጦርነቱ ጊዜ ለመርከብ ግንባታ ሠራተኞች የተሠራች ስትሆን 18,500 ያህል ሰዎች ይኖሩባት ነበር፤ ከእነርሱም አንድ ሦስተኛ ገደማው ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። ቢያንስ 15 ሰዎች ሞቱ። ከዚህ በኋላ የወንዙን ራስጌ የያዘችው ካናዳ ካልተባበረች በግርጌው ያለውን ጎርፍ መግታት እንደማይቻል ለሁሉም ግልጽ ሆነ። ሁለቱ አገሮች በ1961 የፈረሙት የኮሎምቢያ ወንዝ ውል በ1964 ሥራ ላይ ዋለ። በውሉ መሠረት ካናዳ ሦስት ግድቦችን ሠርታ 19 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ የምታቁርበት ስፍራ አዘጋጀች። በምላሹም ውሃው በተመጠነ ጊዜ በመለቀቁ በአሜሪካ ግድቦች ላይ ከሚገኘው ተጨማሪ ኃይል ግማሹ የእርሷ እንዲሆን ተስማሙ። በዓለም ላይ ከተፈረሙ የወንዝ ስምምነቶች መካከል የራስጌና የግርጌ አገሮች ጥቅሙን ራሱን፣ በኪሎዋት ሰዓት ሳይቀር ቆጥረው የተካፈሉበት ውል ብዙ አይደለም። ይሁን እንጂ በካናዳ በኩል በአሮው ሐይቆች ዳርቻ ከ2,000 በላይ ሰዎች ከቀያቸው ሲነሡ፣ በሁለቱም አገሮች ያሉት ነባር ሕዝቦች ስለ ውሉ አልተጠየቁም።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ጥሩ የግድብ ቦታዎች አለቁ። የኃይል ድርጅቶቹ ባለሙያዎች ያለፉትን ሃያ ዓመታት የፍላጎት ዕድገት ወስደው ወደፊትም በዚያው ፍጥነት ይቀጥላል ብለው ገመቱ። በስሌታቸው ፍላጎቱ በየአሥር ዓመቱ በእጥፍ ያድግ ነበር። ወንዙ ይህን ሊሸከም ስለማይችል በ1968 የወጣው የጋራ ዕቅድ ተጨማሪው ኃይል ከኑክሌርና ከድንጋይ ከሰል ጣቢያዎች እንዲመጣ ወሰነ። የዋሽንግተን የሕዝብ ኃይል አቅርቦት ድርጅት አምስት የኑክሌር ጣቢያዎችን ለመሥራት ተነሣ። በ1976 ቦነቪል ከጥቂት ዓመታት በኋላ የምትፈልጉትን ሁሉ ላቀርብላችሁ አልችልም ብሎ ደንበኞቹን ሲያስጠነቅቅ ትንንሽ የከተማና የገጠር ድርጅቶች ተደናግጠው ለአራተኛውና ለአምስተኛው ጣቢያ ወጪ ተጠያቂ የሚያደርጋቸውን ውል ፈረሙ፤ ቁጥራቸው 88 ነበር።

ትንበያው ግን አልሠራም። የኑክሌር ኃይል ወጪ ወደ ታሪፉ ሲገባ ዋጋው ናረ፣ ዋጋው ሲንር ሰው መቆጠብ ጀመረ፣ ኢኮኖሚውም ቀዘቀዘ፤ ያ ሁሉ ጣቢያ የታሰበለት ፍላጎት ሳይመጣ ቀረ። የአምስቱ ጣቢያዎች ወጪ ከመጀመሪያው ግምት ብዙ እጥፍ ሆኖ ወደ 24 ቢሊዮን ዶላር ተጠጋ። በ1982 መጀመሪያ ላይ አራተኛውና አምስተኛው ጣቢያ ተሰረዙ። በሚቀጥለው ዓመት የዋሽንግተን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድርጅቶቹ ያንን ውል የመፈረም ሥልጣን አልነበራቸውም ሲል ፈረደ፤ ድርጅቱም የ2.25 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ዕዳውን መክፈል አቃተው። እስከዚያ ጊዜ ድረስ በአሜሪካ ታሪክ ይህን የሚያህል የማዘጋጃ ቤት ቦንድ ኪሳራ አልደረሰም ነበር። ቦንዱን ከገዙት መካከል የጡረታ ቁጠባቸውን ያዋሉ ተራ ሰዎች ይገኙበታል። ከአምስቱ ሥራ የጀመረው አንድ ጣቢያ ብቻ ነው፤ ዛሬም ኃይሉ ከግድቦቹ ጋር ተደምሮ በቦነቪል ይሸጣል። ሥራ ያልጀመሩት የሁለት ጣቢያዎች የማቀዝቀዣ ማማዎች ግን በሳትሶፕ ከጫካው በላይ ረዝመው እስከ ዛሬ ቆመዋል፤ በመቋረጣቸው የመጣውም ዕዳ በአካባቢው ታሪፍ ላይ ለአሥርተ ዓመታት ከብዶ ኖሯል።

ጥፋቱን የሠሩት ክፉ ሰዎች አልነበሩም። መሐንዲሶቹ ሙያቸውን የሚያውቁ፣ የሕዝብ ድርጅቶቹ ኃላፊዎችም ከተማቸው ጨለማ ውስጥ እንዳትገባ የሠጉ ነበሩ። ስሕተቱ የተሠራው አንድ ቁጥር እንደ እርግጥ ተወስዶ፣ ውሳኔውም ከፋዩ ሕዝብ ሳይሰማ በዝግ በር በመወሰዱ ነው። ኮንግረሱ ኪሳራው ገና ሳይደርስ በ1980 ያወጣውና ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ዲሴምበር 5 ቀን የፈረሙት የሰሜን ምዕራብ የኃይል ሕግ ያተኮረው በእነዚህ ሁለት ጉድለቶች ላይ ነው።

ሕጉ የአራት ግዛቶች፣ ማለትም የዋሽንግተን፣ የኦሪገን፣ የአይዳሆና የሞንታና የጋራ ምክር ቤት አቋቋመ። እያንዳንዱ አገረ ገዥ ሁለት አባላት ይሾማል፤ ስምንቱ አባላት በፖርትላንድ ከሚገኙ ባለሙያዎቻቸው ጋር የሃያ ዓመት የኃይል ዕቅድ ያወጣሉ፣ ቢያንስ በየአምስት ዓመቱም ይከልሱታል። ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ረቂቁም ለአስተያየት ይቀርባል። የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ቦነቪል አዲስ ኃይል ሲገዛ ከዚህ የግዛቶች ዕቅድ ጋር የሚጣጣም እንዲሆን ሕጉ ያስገድደዋል። በአሜሪካ ግዛቶች በፌዴራል መሥሪያ ቤት አሠራር ላይ እንዲህ ያለ እጅ ያላቸው በጥቂት ቦታ ነው።

የምክር ቤቱ የመጀመሪያ ዕቅድ በ1983 ወጣ። አንድ ቁጥር በመተንበይ ፈንታ ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ ያለውን የፍላጎት ስፋት አስቀመጠና ዕቅዱ በየትኛውም ውስጥ የሚያዋጣ መሆኑን ፈተሸ። ጣቢያ ቢያስፈልግ ቦታና ፈቃድ አስቀድሞ ማዘጋጀት፣ ግንባታውን ግን ፍላጎቱ በእርግጥ እስኪታይ ማቆየት የሚል ብልሃትም ጨመረ። ዛሬ ይህ አሠራር በብዙ አገሮች የተለመደ ስለሆነ አዲስነቱ አይታይም፤ በዚያን ጊዜ ግን አሥር ዓመት የሚፈጅ ግንባታ በአንድ ቀጥታ መስመር ትንበያ ላይ ተመሥርቶ ይጀመር ነበር።

ሕጉ የኃይል ምንጮችንም በቅደም ተከተል አስቀምጧል። ቁጠባ አንደኛ ነው፤ ከሌሎች አማራጮች በአሥር በመቶ ቢወደድ እንኳ ይመረጣል። ከእርሱ በኋላ ታዳሽ ኃይል፣ ቀጥሎ ብክነት የሚቀንሱ ጣቢያዎች፣ በመጨረሻም የቀሩት ሁሉ ይመጣሉ። የተቆጠበ ኪሎዋት ሰዓት ከመነጨ ኪሎዋት ሰዓት እኩል እንደ አቅርቦት ይቆጠራል ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ ብዙ የኃይል ባለሙያ ይህን የበጎ አድራጎት ወሬ አድርጎ ይመለከተው ስለነበር በሁድ ሪቨር፣ ኦሪገን፣ ሙከራ ተደረገ። የከተማዋና የአካባቢዋ ቤቶች ጣሪያ፣ ወለልና መስኮት ብርድ እንዳያስገቡ በነጻ ሲሠራላቸው ከባለቤቶቹ እጅግ የሚበዙት ተቀበሉት፤ ፍላጎቱም ለዓመታት ተለክቶ ተመዘገበ። የሕንፃ ደንቦች ተሻሻሉ፣ የፋብሪካ ሞተሮችና የመንገድ መብራቶች ተቀየሩ። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዚህ መንገድ የተገኘው ቁጠባ ከ7,000 አማካይ ሜጋዋት ይበልጣል፤ ከውሃ ኃይል ቀጥሎ የአካባቢው ሁለተኛ ትልቅ የኃይል ምንጭ ሆኗል። የኑክሌር ዕቅዱ ስሕተት ያስከተለው ይህን ያህል ጠቃሚ ሕግ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው።

አማካይ ሜጋዋት የሚለው መለኪያ ጥቂት ማብራሪያ ይፈልጋል፤ የድልድሉ ክርክር ሁሉ የሚሄደው በእርሱ ነውና። ግድብ ላይ የተተከለው ተርባይን አቅም ሌላ ነው፣ ወንዙ ዓመቱን ሙሉ የሚያስችለው ሌላ ነው። ግራንድ ኩሊ 6,809 ሜጋዋት ተተክሎበታል፤ በዓመት የሚያመነጨው 20 ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ለዓመቱ ሰዓታት ሲካፈል ግን የተከላው አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ይወጣል። ለደንበኛ እርግጠኛ ሆኖ ቃል የሚገባው ደግሞ የአማካዩን ዓመት ሳይሆን የድርቁን ዓመት ውሃ በማስላት ነው። በጥሩ ዓመት የሚተርፈው ለካሊፎርኒያና ለሌሎች ገበያዎች ይሸጣል፤ ገቢውም የአካባቢውን ታሪፍ ዝቅ ለማድረግ ይውላል።

የ1980ው ሕግ ሌላው ክንድ ዓሣ ነው። ሳልመን በወንዝ ተወልዶ፣ በባሕር አድጎ፣ ለመራባት ወደ ተወለደበት ጅረት ይመለሳል። ግድቦች ከመሠራታቸው በፊት በዓመት ከ10 እስከ 16 ሚሊዮን ሳልመን ወደ ኮሎምቢያ ይመለስ እንደነበር ምክር ቤቱ ገምቷል፤ በኋላ ቁጥሩ ወደ አንድና ሁለት ሚሊዮን ወረደ፣ ከእርሱም አብዛኛው በማራቢያ ጣቢያ የተፈለፈለ ነው። ግራንድ ኩሊ የዓሣ መሰላል ስላልተሠራለት ከእርሱ በላይ ያለውን ወንዝ ሁሉ ዘጋው። ለኮልቪል ነባር ሕዝቦች ለጠፋው መሬታቸውና ለኃይሉ ድርሻ ካሳ የተወሰነው በ1994 ነው፤ ግድቡ ካለቀ ከሃምሳ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በ1957 ደግሞ የዳልስ ግድብ ሐይቅ ለሺህ ዓመታት ነባር ሕዝቦች ዓሣ የሚያጠምዱበትንና የሚገበያዩበትን የሴሊሎ ፏፏቴ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ዋጠው። የያካማ፣ የዩማቲላ፣ የዋርም ስፕሪንግስና የኔዝ ፐርስ ሕዝቦች በ1855 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት ውል መሬታቸውን ሲለቁ በለመዱት ስፍራ የማጥመድ መብታቸውን ለራሳቸው አስቀርተው ነበር። ይህ መብት ከሁሉም ግድቦችና ከኃይል ደንበኞቹ ቅድሚያ በፊት የነበረ ነው፤ በዕቅዱ ጠረጴዛ ላይ ቦታ ያገኘው ግን ገና በ1980 ነው።

ሕጉ ምክር ቤቱ ከኃይል ዕቅዱ ጎን ለጎን የዓሣና የዱር እንስሳት መርሐ ግብር እንዲያወጣ፣ ወጪውንም ቦነቪል እንዲሸፍን አዘዘ። በሥራ ላይ የሚታየው ዋናው ግጭት ወጣቶቹ ዓሣዎች በፀደይ ወደ ባሕር በሚወርዱበት ጊዜ ነው። በተርባይን በኩል ካለፉ ብዙዎቹ ይጎዳሉ፤ ስለዚህ ውሃው በማስተንፈሻ በኩል ይለቀቃል። በዚያ በኩል ያለፈ ውሃ ኃይል አያመነጭም። ስንት ውሃ፣ በየትኛው ሰዓት፣ በየትኛው ግድብ ይለቀቅ የሚለው ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከፍርድ ቤት አልወጣም። በ1991 የኮሎምቢያ ገባር የሆነው የስኔክ ወንዝ ሶክአይ ሳልመን ሊጠፉ ከተቃረቡ ዝርያዎች መዝገብ ገባ። በሚቀጥለው ዓመት 1,400 ኪሎ ሜትር ከሚበልጥ ጉዞና ከስምንት ግድቦች በኋላ አይዳሆ ወዳለው ሬድፊሽ ሐይቅ የተመለሰው አንድ ወንድ ዓሣ ብቻ ነበር።

ከስምንቱ አራቱ በታችኛው ስኔክ ላይ ያሉት ግድቦች ናቸው። ተከላቸው 3,000 ሜጋዋት፣ አማካይ ምርታቸው 1,000 ሜጋዋት ያህል ነው፤ የአይዳሆዋን ሉዊስተን ከተማ የስንዴ ወደብ ያደረጓትም እነርሱ ናቸው። ይፍረሱ የሚለው ጥያቄ አካባቢውን ለሁለት ከፍሎታል። በ2023 መጨረሻ የፌዴራል መንግሥት፣ አራቱ ነባር ሕዝቦችና የዋሽንግተንና የኦሪገን ግዛቶች ምትክ ኃይል እያዘጋጁ ዓሣውን ለማዳን ተስማምተው ክርክሩ ለጊዜው ቆሞ ነበር፤ በጁን 2025 ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ስምምነቱን ሻሩት። አንድ መንግሥት የገባውን ቃል ተከታዩ በአንድ ፊርማ ሲያፈርሰው የሃያ ዓመት ዕቅድ ምን ያህል እንደሚያስቸግር መናገር አያሻም።

የድልድሉ ጥያቄ ሳይታሰብ የፈነዳው በ2000 እና በ2001 ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የገበያ ዋጋ ርካሽ ስለነበረ ብዙ ደንበኞች ከቦነቪል ለመራቅ አስበው ነበር። የካሊፎርኒያ ገበያ ሲናወጥና ዋጋው ሲተኮስ ሁሉም ተመለሱ፤ ቦነቪልም ካለው በ3,000 ሜጋዋት ገደማ የሚበልጥ ለማቅረብ ውል ገባ። በ2001 ደግሞ ከተመዘገቡት ሁሉ ከባድ ከሆኑት ድርቆች አንዱ መጣ። መሥሪያ ቤቱ ጉድለቱን በውድ ገዝቶ ሞላ፣ አልሙኒየም አቅላጮች ሥራ እንዲያቆሙ ገንዘብ ከፈለ፣ በኦክቶበር 2001 ታሪፉን በ46 በመቶ ከፍ አደረገ። ከቆሙት ማቅለጫዎች አብዛኞቹ ዳግመኛ አልተከፈቱም፤ ሠራተኞቻቸውም ተበተኑ።

ከዚህ በኋላ ለዓመታት የቆየ ክልላዊ ምክክር ተካሄደ። ውጤቱ በ2008 የተፈረሙት፣ ከኦክቶበር 2011 እስከ ሴፕቴምበር 2028 የሚጸኑት ውሎች ናቸው። ሐሳባቸው በሁለት እርከን ዋጋ ላይ የቆመ ነው። እያንዳንዱ የሕዝብ ድርጅት ከነባሩ ሥርዓት የሚደርሰው ድርሻ ተቆጥሮ ተወሰነለት፤ እስከዚያ ድረስ የሚወስደውን በግድቦቹና በኑክሌር ጣቢያው እውነተኛ ወጪ፣ ማለትም በአንደኛው እርከን ይገዛል። ፍላጎቱ ከዚያ ካለፈ ሁለት ምርጫ አለው፤ ራሱ ይሠራል ወይም ከሌላ ይገዛል፣ አለዚያም ቦነቪል ገዝቶ በሁለተኛው እርከን ዋጋ ያቀርብለታል። ቀድሞ የአንዱ ከተማ ዕድገት ወጪ በሁሉም ላይ ተበትኖ ይከፈል ነበር። ኗሪው የማይጨምር የተራራ ወረዳ በፍጥነት የሚያድግ የከተማ ዳር ሰፈርን ይደጉም ነበር ማለት ነው። አዲሱ አሠራር ዕድገትን ለአዳጊው አስከፈለ። ፍትሐዊ ነው ለማለት ያስደፍራል፤ ነገር ግን ድህነት ወይም የፋብሪካ መዘጋት ፍላጎቱን ዝቅ ባደረገበት ዓመት የተለካ ወረዳ ድርሻው በዚያው ልክ ጠብቦ ሊቀር ስለሚችል፣ አለካኩ ራሱ ብርቱ ድርድር ያስነሣ ነበር። በማርች 2024 ቦነቪል ለሚቀጥለው ዘመን፣ ከኦክቶበር 2028 እስከ 2044 ድረስ የሚያገለግለውን የሽያጭ መርሕ ሲያወጣ እርከኖቹን እንደያዘ ድርሻዎቹን እንደገና አስልቷል።

አዲሶቹ ውሎች የሚገጥማቸው ጊዜ ካለፈው ይለያል። ጉግል በ2006 በዳልስ፣ ማይክሮሶፍትም በተከታዩ ዓመት በክዊንሲ የዳታ ማዕከል ያቋቋሙት ርካሹን የውሃ ኃይል ፍለጋ ነው። በዋሽንግተን የቸላን ወረዳ በራሱ ግድቦች ርካሽ ኃይል ስለሚሸጥ በ2018 የቢትኮይን ቆፋሪዎች ጥያቄ ሲጎርፍበት አዲስ ማመልከቻ መቀበል አቁሞ ለእነርሱ የተለየ ታሪፍ እስከ ማውጣት ደርሷል። ለዓመታት ሳያድግ የኖረው ፍላጎት እንደገና መውጣት ጀምሯል። በሌላ በኩል ዋሽንግተን በ2045፣ ኦሪገን ለትልልቅ ኩባንያዎቿ በ2040 ከካርቦን የጸዳ ኤሌክትሪክ እንዲኖር በሕግ ደንግገዋል፤ የቦርድማን የድንጋይ ከሰል ጣቢያም በ2020 ተዘግቷል። የምክር ቤቱ የ2021 ዕቅድ እስከ 2027 ድረስ ቢያንስ 3,500 ሜጋዋት አዲስ ታዳሽ ኃይልና ከ750 እስከ 1,000 አማካይ ሜጋዋት ቁጠባ እንዲገኝ መክሯል። ነፋሱና ፀሐዩ ሲመጡ ግድቦቹ የሚሰጡት ጥቅም ይለወጣል፤ ነፋስ ሲቆም ወዲያው የሚነሣ፣ ሲነፍስ የሚቆም ኃይል ይሆናሉ። ይህም ገደብ አለው፤ በ2011 ፀደይ ወንዙ ሞልቶ ነፋሱም ሲበረታ ቦነቪል የነፋስ ማመንጫዎችን አስቁሞ ከባለቤቶቻቸው ጋር ክርክር ገጥሟል።

የአየር ጠባዩም ተለውጧል። የተራራው በረዶ ለአካባቢው እንደ ጎተራ ነው፤ የክረምቱን ውሃ ይዞ በፀደይና በበጋ ያወጣዋል። ሙቀት ሲጨምር ብዙው በዝናብ መልክ ወርዶ በክረምት ያልፋል፣ የበጋው ፍሰት ይቀንሳል፤ የአየር ማቀዝቀዣ ፍላጎት ደግሞ የሚያድገው በበጋ ነው። በጁን 2021 ፖርትላንድ ላይ ሙቀቱ ከ46 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲደርስ ብዙ ሰዎች በቤታቸው ሞተዋል። ከእንግዲህ ዕቅድ አውጪዎች የሚፈሩት የዓመቱን የኃይል ድምር ማነስ ብቻ ሳይሆን የጥቂት ቀናትን የከረረ ብርድ ወይም ሐሩር ጭምር ነው። ለዚህም ከጎረቤት ግዛቶች ጋር መገበያየት ያስፈልጋል። ቦነቪል በሜይ 2025 ከካሊፎርኒያው የኤሌክትሪክ ገበያ አስተናባሪ ይልቅ በአርካንሳስ የሚገኘው አስተናባሪ የሚያቋቁመውን፣ የነገው ኃይል ዛሬ የሚሸጥበትን ገበያ ለመቀላቀል ወስኗል። ኦሪገን ውስጥ ያሉ ትልልቅ የግል ኩባንያዎች ሌላውን በመምረጣቸው በአንድ ወንዝና በአንድ መስመር የተሳሰረው አካባቢ በሁለት ገበያ ሊከፈል ነው፤ ብዙ ታዛቢዎችን ያሳሰበውም ይኸው ነው።

ከካናዳ ጋር ያለው ውልም አልተቋጨም። በውሉ የተረጋገጠው የጎርፍ መከላከያ ዘመን በሴፕቴምበር 2024 አብቅቷል። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ሁለቱ መንግሥታት በመርህ ደረጃ ተስማምተው ነበር፤ አሜሪካ ለጎርፍ መከላከያ በየዓመቱ ትከፍላለች፣ ለካናዳ የምትመልሰው የኃይል ድርሻ ደግሞ ደረጃ በደረጃ ይቀንሳል፣ ነባር ሕዝቦችም ስለ ዓሣና ስለ ወንዙ ጤንነት ድምፅ ይኖራቸዋል። በ2025 መጀመሪያ ላይ ግን የአሜሪካ አዲሱ አስተዳደር ድርድሩን አቆየው። ለካናዳ የሚመለሰው ኃይል በቀነሰ ቁጥር በአሜሪካ በኩል ለሚቀረው ድልድል የሚተርፈው ይበዛል። በመሆኑም እስከ 2044 የሚደርሱት ውሎች ሲዘጋጁ ከወንዙ ራስጌ የሚመጣው ውሃ በምን ሰዓትና በምን ድርሻ እንደሚለቀቅ የሚወስነው የመጨረሻ ሰነድ አልተፈረመም፤ የቦነቪልና የምክር ቤቱ ባለሙያዎችም ስሌታቸውን የሚሠሩት ስምምነቱ ሲጸድቅና ሳይጸድቅ ያለውን ሁለቱንም በመያዝ ነው።